ሰባት መስኮትና አንድ ማሰሮ በሶብላ

በፖርቶ ከተማ በሰኔው ቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ሰው ሰውን ቢመታ አይከሰስም። ዓሣ ሻጯ ዳኛውን ትመታለች፣ ዳኛው ጳጳሱን ይመታል፣ ጳጳሱም ከፊታቸው ያገኙትን ይመታሉ፤ መምቻውም ከነአበባው የተነቀለ፣ ቁመቱ ክንድ ተኩል የሚሆን የነጭ ሽንኩርት ዘንግ ነው። አናት ላይ ቸብ ያደርጉታል፤ መቺም ተመቺም ይስቃል፤ ከተማው በሙሉ ሦስት ቀን ነጭ ሽንኩርት ሲሸት ይሰነብታል።

በዚያ ጠዋት ቤልሚሮን የመታችው ሴት ግን አልሳቀችም።

በርሜል ሠሪው ቤልሚሮ ወንዙ ዳር፣ ከእናቱ ከዙልሚራ መደብ አጠገብ ቆሞ የሰርዲን ጥብስ በበቆሎ ዳቦ እየበላ ነበር። ትከሻው የቤተ ክርስቲያን በር ይዘጋል። አውራ ጣቱ ሳንቃ ዳስሶ ውፍረቱን እስከ ፀጉር ስንጣቂ ድረስ ይናገራል። የሠራው በርሜል ወይን ቀርቶ ሐሜት አያሾልክም። ይህን ሁሉ የሚለው ራሱ ነው፤ እስካሁን ግን አስተባባይ አልተገኘም። ዘንጉ አናቱ ላይ ሲያርፍ ሰርዲኑ ከእጁ ወደቀ። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው ከሁለቱ ባሰ።

"ሦስተኛው ደግሞ የምን ነው?" አለ ሳይዞር።

"ላለፈው አንድ ዓመት።"

ድምፁን ሲሰማ፣ በሦስት ማዕበል መካከል እያፏጨ የሚተኛው ቤልሚሮ፣ አፉ ውስጥ ያለውን ዳቦ ማኘክ ተወ። ዞረ። ኮንስታንሳ ነበረች። ከወንዙ ማዶ፣ ጋያ ላይ፣ ቤልሚሮ በርሜል ይሠራበት የነበረው የወይን ጠጅ ቤት ጌታ የሴንሆር ጎንሳሎ ብቸኛ ልጅ። ዓይኗ እንደ ድሮው ነው፤ ማለትም ፖርቶን ከነድልድዮቿ ማቃጠል ይችላል።

ያለፈውን ዓመት የማያውቅ ሰው ካለ በአጭሩ ይኸው። ሁለት ዓመት ሙሉ በበርሜል ረድፎች መካከል ሲተያዩ ከርመው፣ በሰኔው ዮሐንስ ዕለት ቤልሚሮ አንድ ማሰሮ በሶብላ ላከላት። በዚያ ከተማ በዚያ ቀን ለሚወዷት ሴት በሶብላ ይላካል፤ ቅጠሉ መካከል በቀጭን ስንጥር ላይ ግጥም የታተመበት ትንሽ የወረቀት ባንዲራ ይሰካበታል። ቤልሚሮ ግን የታተመ ግጥም አልፈለገም። በገዛ እጁ "ታገቢኛለሽ?" ብሎ ጻፈ፣ "እሺ ካልሽ ማሰሮውን በወንዙ በኩል ባለው መስኮትሽ ላይ አድርጊው" ብሎ ጨመረ፣ ለዚያ ቤት ዓሣ የምታቀርበው እናቱ በወጥ ቤቱ በር እንድታደርስለት ሰጣት። ከዚያም ማዶ ጋያ ወደብ ላይ ቆሞ አምስት ቀን መስኮቱን ጠበቀ። መስኮቱ ባዶ ነበር። በማሰሮው ፋንታ በሁለተኛው ቀን ሁለት መስመር ደብዳቤ መጣለት፦ "የላክኸውን አንብቤአለሁ። ሁለተኛ ደጃችን እንዳትደርስ።" በስድስተኛው ቀን ወደ ስኮትላንድ በሚሄድ መርከብ ላይ ወጣ።

አሁን በዚያው መርከብ ባዶ በርሜል ሊጭን ለአንድ ቀን ተመልሷል። ባሕሩ ሲሞላ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ተመልሶ ይሄዳል፤ ካፒቴኑ ኪስ ውስጥም የአምስት ዓመት የሥራ ውል ፊርማውን እየጠበቀ ነው። ቤልሚሮ ያልፈረመው እናቱን ለማየት ነው ይላል። እናቱን አየ። ሌላ የሚያየው እንደሌለውም ለመላው መርከበኛ ነግሮ ነበር።

"ደህና ሰነበቱ እመቤቴ?" አለ ሰርዲኑን ከመሬት እያነሳ።

"'እመቤቴ' ማለቱን ተወው።"

"ካዘዙኝ እተወዋለሁ፣ እመቤቴ።"

ኮንስታንሳ ጥርሷን ነከሰች። ንዴቷን ለመሸፈን መደቡ ላይ ለሽያጭ ከተደረደሩት የበሶብላ ማሰሮዎች አንዱን ልታሸት ጎንበስ ስትል ዙልሚራ ጮኸች፦

"ኧረ በእጅሽ! በእጅሽ የኔ እመቤት! አፍንጫ የነካው በሶብላ ውሎ አያድርም!"

"አውቃለሁ እትዬ ዙልሚራ። እኔም እዚሁ ነው የተወለድኩት።"

"ላይኛው ፖርቶ ሌላ፣ ታችኛው ፖርቶ ሌላ።"

ኮንስታንሳ መዳፏን ቅጠሉ ላይ አሳርፋ መዳፏን አሸተተች። ቤልሚሮ ሰማይ ሰማዩን አየ። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

"እስከ ፎዝ፣ እስከ ባሕሩ አፍ ድረስ ትሸኘኛለህ" አለች። "በትራም አይደለም፤ በእግር። ልትለኝ የሚገባህ ነገር አለ፤ በመንገድ ላይ ታወጣዋለህ። ከዚያ ወደ መርከብህ ሂድ።"

"እኔ ነኝ የምል?" አለ ቤልሚሮ። እንቢ ተብሎ፣ ከደጅ ተባሮ፣ ዛሬ ደግሞ በሽንኩርት ተደብድቦ! "እርስዎም ረስተውት የነበረ ነገር ትዝ ይልዎት ይሆናል። መንገዱ ረጅም ነው።"

"ሂዱ በቃ!" አለች ዙልሚራ። "ተፋጥጣችሁ ገበያዬን አታባርሩብኝ!"

ሄዱ። ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ሁለቱም ይቅርታ ሲጠበቅ ምን ያህል ጣፋጭ እንደሆነ እያሰቡ ነበር የሚራመዱት፤ ሌላኛውም ይቅርታ እየጠበቀ መሆኑን ግን አንዳቸውም አልጠረጠሩም።

*

ከወንዙ ወደ ካቴድራሉ የሚወጣው ደረጃ ቤልሚሮ ሲቆጥረው ሦስት ሺህ ነው። ሌሎች ሁለት መቶ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ግን ከኮንስታንሳ ጋር አልወጡትም። በየእርከኑ አንድ ሽማግሌ ወይ አንድ ሕፃን ዘንግ ይዞ ይጠብቃል፤ ቸብ፣ ቸብ። በየሰገነቱ ልብስ ተሰቅሏል፤ በየበሩ ከሰል ይጤሳል፤ ሰርዲን እየተጠበሰ ነው።

"ስኮትላንድ እንዴት ነው?" አለች መሃል ላይ፤ ትንፋሽ አጥሯት እንጂ ልትጠይቀው ፈልጋ እንዳልሆነ በሚያስመስል ድምፅ።

"ደኅና ነው። ዝናቡ ከታች ወደ ላይ ይዘንባል። የደረስኩ ቀን አንድ የተሰነጠቀ በርሜል አሳዩኝ፤ አሥራ ሁለት ባለሙያ እጁን ሰጥቶበታል። በአንድ ከሰዓት በኋላ አዳንኩት። ሰዎቹ አለቀሱ።"

"አለቀሱ?"

"አንደኛው አለቀሰ። ጭሱ ይሆናል።"

ከንፈሯ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቤልሚሮ አየው። ያንን ጥግ ለማየት ሁለት ዓመት ሙሉ ጤነኛ በርሜሎችን ሲያፈርስና ሲገጥም እንደኖረ ማንም አያውቅም።

ከካቴድራሉ ወረዱ፣ በወርቅ ሠሪዎቹ መንገድ አለፉ፣ ወደ ገበያው ወጡ። ቀትር ላይ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብተው የጨጓራ ወጥ በነጭ ባቄላ አዘዙ። ቤልሚሮ የጌታ ልጅ ሹካዋን በሁለት ጣት ይዛ ስታነሳሳ ለማየት አገጩን በእጁ ደግፎ ተዘጋጀ። ኮንስታንሳ ሳህኑን ጠርጋ በላች። ሁለተኛ አመጡላት። ያንንም ጠረገች።

"ምን ታያለህ?"

"እቤት ምሳ አይሰጥዎትም?"

"ዛሬ እራት ነው ያለው። ከሊዝበን እንግዶች መጥተዋል። ባዶ እጃቸውንም አልመጡም፤ አንድ ያላገባ ልጅ ይዘው ነው።"

ቤልሚሮ እጁ ላይ ያለውን ዳቦ ፍርፋሪ እስኪሆን ቆረሰው።

"መልካም ሰው ነው?" አለ ፍርፋሪውን እየጠረገ።

"ጓንት ያደርጋል። በሰኔ።"

ሁለቱም ሊስቁ ነበር። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ብቻ ቀርታ ነበር። ግን ቤልሚሮ ደረት ኪሱ ውስጥ ያለችው ሁለት መስመር ደብዳቤ ትዝ አለችው፤ የኮንስታንሳም እጅ ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሳቁ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተረሳ ባርኔጣ ቀረ።

*

የቀሳውስት ግንብ ከሚባለው ረጅም የደወል ማማ አልፈው ወደ ገደሉ አፋፍ ሲወጡ፣ ወንዙ ከታች እንደ ቀለጠ መዳብ ተዘርግቶ፣ ከማዶ የጋያ ቀያይ የወይን ቤት ጣሪያዎች ተደርድረው ታዩ። በስተግራ፣ አፋፉ ላይ፣ የሴንሆር ጎንሳሎ ቤት ቆሟል። በዚህ ቤት ቤልሚሮ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። ጌታው በአንድ ወቅት "በርሜል ሠሪ በበርሜሉ በኩል ይታወቃል እንጂ በበሩ በኩል አይገባም" ብለው ነበር፤ ያሉትንም ሠራተኛው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። እናቱ ዙልሚራ እንኳ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስታመላልስ ከወጥ ቤቱ ጣራ ሌላ አላየችም።

በወንዙ በኩል ሰባት መስኮት አለው። ቤልሚሮ ቆመ። ቀና ብሎ አንድ በአንድ አያቸው።

"ምን ትቆጥራለህ?" አለች ኮንስታንሳ።

"የቆጠርኩትን ነው የምደግመው። አምስት ቀን ከማዶ ቆጥሬአቸዋለሁ።"

"ምን ፈልገህ?"

"ቅጠል" አለ። "መስኮት ላይ የተቀመጠ አንድ ቅጠል።"

ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ቤልሚሮ በሕይወቱ ብዙ ዓይነት ቁጣ አይቷል፤ የካፒቴን ቁጣ፣ የባሕር ቁጣ፣ የእናቱን ቁጣ፤ ይህን የመሰለ ግን አላየም። "ዛሬም?" አለች በሹክሹክታ። "እዚህ፣ ቤቴ ፊት ለፊት ቆመህ፣ ዛሬም ትሳለቅብኛለህ?"

"እኔ ነኝ የተሳለቅሁ?"

ኮንስታንሳ ጀርባዋን ሰጠችው። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ ቁልቁለቱን በባዶ እግሯ ወረደች። ቤልሚሮ ከኋላዋ እየተከተለ አንድ ነገር ገባው፤ ይህች ሴት የተናደደችው እንደ ተበዳይ ነው። እንደ በዳይ የተናደደ ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ አይራመድም።

*

ከዚያ እስከ ባሕሩ ያለውን መንገድ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ሰው የጠገቡ ትራሞች እየጮሁ አለፏቸው፤ መረብ የሚጠግኑ ዓሣ አጥማጆች ለባዶ እግሯ አፏጩ፤ አንዲት አሮጊት ከወንበሯ ሳትነሳ ሁለቱንም በአንድ ዘንግ መታቻቸውና "ታረቁ!" አለቻቸው። ፎዝ ሲደርሱ ሰዓቱ አሥር ተኩል ሆኖ ነበር። ወንዙ ከውቅያኖሱ ጋር በሚታገልበት፣ ለመርከቦች የሚያበራው ማማ በቆመበት የድንጋይ ግድብ ጫፍ ላይ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም፤ አሜሪካ ነው።

ኮንስታንሳ ዞረች።

"አለቀ። አልነገርከኝም።"

"እርስዎም አልነገሩኝም።"

"እንግዲያው እኔ አነብልሃለሁ፤ ምናልባት ረስተኸው ይሆናል።" ከቦርሳዋ አንዲት የደበዘዘች የወረቀት ባንዲራ ከነስንጥሯ አወጣች። ዓመት ሙሉ ይዛት እንደኖረች ከጠርዟ ማለቅ ያስታውቃል። ድምፅዋን ሳታዛንፍ አነበበች፦

"መስኮት ላይ ያለሽው፣ መዓዛሽ ያውዳል፣
ሥርሽ ግን አጭር ነው፣ ስኒ ይበቃዋል።"

ማዕበል መጥቶ ድንጋዩን መታ።

"ሥሬ አጭር ነው?" አለች። "አባቴ በአንተ ምክንያት ሁለት ወር ባያናግረኝ ያልተነቀነቅሁ ሴት፣ ስኒ ይበቃኛል? ከሰው ሁሉ መርጠህ ይህን ላክህልኝ?"

ቤልሚሮ አፉን ከፈተ። ጨው ገባበት፤ ዘጋው።

"ይህን አላውቀውም" አለ።

"ከእናትህ እጅ ነው የተቀበልኩት!"

"አምጪው።" 'እርስዎ' የሚለው ቃል ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ ማንም አልፈለገውም። ወረቀቷን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያዛት። አንድ ጊዜ ዳሰሳት። ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና ዳሰሳት። "ይህ አንድ ወረቀት አይደለም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሃያ ዓመት ሳንቃ የዳሰሰ ጣት ነው፣ ኮንስታንሳ። ሁለት ነው። አንዱ ባንዱ ላይ ተለጥፏል።" ቁልቁል ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ ባንዲራዋን ነከራት፤ ደረቅ ሳንቃ እንደሚያለሰልስ ታግሶ ያዛት። "በዱቄት ነው የተለጠፈው። የእናቴ የዱቄት ሙጫ። ከመደቧ ግጥም የሌለበት ማሰሮ አይወጣም፤ ደግሞ ማንበብ አትችልም። የኔን ጽሑፍ..." አልጨረሰውም። የታተመው ግጥም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፤ ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈ፣ ዘመም ዘመም ያለ የበርሜል ሠሪ ጽሑፍ ታየ።

ኮንስታንሳ ተቀበለችው። አነበበችው፦

"ኮንስታንሳ፣ ግጥም አልችልም፤ በርሜል እችላለሁ። ታገቢኛለሽ? እሺ ካልሽ ማሰሮውን በወንዙ በኩል ባለው መስኮትሽ ላይ አድርጊው። ማዶ ወደቡ ላይ ቆሜ አያለሁ። አምስት ቀን፣ እስከ ጴጥሮስ ዕለት ድረስ፣ እጠብቃለሁ።"

ሁለተኛ አነበበችው። ሦስተኛ ስታነበው ቃሎቹ ታጠቡባት፤ ባሕሩ ግን አልነካቸውም ነበር።

"አምስት ቀን" አለች።

"አምስት ቀን። በሁለተኛው ይህ መጣ፤ እኔ ግን ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም።" ከደረት ኪሱ ሁለቱን መስመር አውጥቶ አሳያት። በእጥፋቱ ላይ ተቀዶ በቀጭን የበርሜል ማሰሪያ ቆዳ ተጠግኗል። ኮንስታንሳ የገዛ እጅ ጽሑፏን አይታ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"እኔኮ ግጥሙን ነው... ቤልሚሮ፣ እኔኮ መጥተህ ይቅርታ እስክትለኝ ነው የጠበቅሁ። ማሰሮውን ወጥ ቤት ከሽንኩርቱ ጎን አስቀምጬው በየቀኑ አጠጣው ነበር። እየተናደድኩ አጠጣው ነበር! እስከ ኅዳር ኖረ።"

"እስከ ኅዳር?" አለ ቤልሚሮ። "በሶብላ እስከ ኅዳር አይኖርም።"

"የኔ ኖረ።"

እንግዲህ በዚያ ቀን በፎዝ ግድብ ላይ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ፤ ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን ሲስቅ ዓሣው ሁሉ ሸሸባቸው። ሳቁ ሲያልቅ ፊቱ እርጥብ ነበር። እጇን ያዘ።

"አሁን መልሱን ንገሪኝ።"

ኮንስታንሳ ዓይኗን ጠረገች። አገጯ ወደ ላይ ተነሳ፤ የድሮዋ ኮንስታንሳ ተመለሰች።

"አልነግርህም።"

"ኮንስታንሳ!"

"የት ይመለስ ብለህ ነው የጻፍከው? ጆሮህ ላይ? መስኮት ላይ ነው። አንተ ያንን አምስት ቀን በከንቱ የቆምክበት ድንጋይ ላይ ሄደህ ትቆማለህ። እዚህ 'እሺ' ብዬህ፣ ማታ እራት ላይ አንገቴን ደፍቼ መቀመጥ አልችልም። ካልኩ የምለው አባቴ እያየኝ ነው።"

"መርከቡስ?"

"ታዲያ ቶሎ ተራመዳ!"

እንደዚያ ኮርቶባት አያውቅም።

*

ወደ ከተማው የሚመለሰው ትራም ሰው ሐዲዱ ላይ ስለሚጨፍር መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ወረዱ፣ በእግር ሮጡ። ወንዝ ዳር ሲደርሱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል። ዙልሚራ መደቧ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታሻለች።

"እናቴ! አምና ወረቀቴ ላይ ግጥም ለጥፈሽበታል?"

"ታዲያስ!" አለች ዙልሚራ። "ያለ ግጥም ልላክልህ ኖሯል? እንዲያውም ቆንጆውን ነው የመረጥኩልህ፤ ቀይ ቀለም ያለውን።"

ኮንስታንሳ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። "እትዬ ዙልሚራ፣ ስንት ማሰሮ ቀርቶሻል?"

"ሃያ ስድስት።"

"ሁሉንም። አንቺም አብረሽኝ ትመጫለሽ።"

"በወጥ ቤቱ በር?"

"በትልቁ በር" አለች ኮንስታንሳ።

ዙልሚራ መቀነቷን አጠበቀች። ኮንስታንሳ መዳፏን አንዱ በሶብላ ላይ አሻሽታ የቤልሚሮን እጅ አጥብቃ ጨበጠች። "እስክትሻገር እንዳትታጠበው" አለችው። ወዲያው ሕዝቡ መካከል ጠፋች።

ቤልሚሮ ድልድዩን ሲሻገር ስምንት መቶ ጊዜ ተመታ። አልተሰማውም። ጋያ ወደብ ላይ ካፒቴኑ ውሉን በእጁ ይዞ መሰላሉ ላይ ቆሟል፤ ገመዱ እየተፈታ ነው።

"ቤልሚሮ! ወይ ውጣ ወይ ቅር!"

"አንድ ደቂቃ።"

"ባሕሩ ላንተ ብሎ አይጠብቅም!"

ቤልሚሮ አምና የቆመበትን ድንጋይ አገኘው። ቆመበት። ማዶ፣ አፋፉ ላይ፣ ሰባቱ መስኮቶች ተዘግተው በሰኔ ዘግይቶ የሚጠልቀው ፀሐይ ይነድባቸዋል። አንደኛው ዝም አለ። ሁለተኛው ዝም አለ። መርከቡ ጮኸ። ቤልሚሮ ያንን ዝምታ ያውቀዋል፤ ባለፈው ዓመት አምስት ቀን ሙሉ አዳምጦታል። ዛሬ ግን አልፈራውም። እስከ ኅዳር በሶብላ ያኖረች ሴት ናት።

የመጀመሪያው መስኮት በሁለቱም ክንፉ ተከፈተ። ኮንስታንሳ ማሰሮ አስቀመጠች። በሁለተኛው ሁለት ማሰሮ። በሦስተኛው አራት። በአራተኛው ቦታ አጥታ ደረደረችው። አምስተኛው ላይ ጓንት ያደረገ አንድ ቀጭን ልጅ ብቅ አለ፤ በእያንዳንዱ እጁ ማሰሮ አስይዘውታል፤ ምን እያወጀ እንደሆነ ሳያውቅ በትሕትና አስቀመጣቸው። ወደቡ ላይ ያሉ ጫኚዎች ሥራቸውን አቁመው ቀና አሉ፤ አንዱ ማፏጨት ጀመረ፣ ሌላው ባርኔጣውን ወረወረ። ስድስተኛው መስኮት የትልቁ ሳሎን ነው። እዚያ ላይ፣ ቅርጫት የምትሸከምበትን የጨርቅ ጉንጉን አናቷ ላይ እንዳደረገች፣ ዙልሚራ ቆመች። ሠላሳ ዓመት ዓሣ ካመላለሰችበት ቤት ወንዙን ከላይ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። እጇን እንደ ንግሥት አውለበለበች።

ሰባተኛው የሴንሆር ጎንሳሎ የግል ክፍል ነው። ይህ መስኮት ሳይከፈት ቆየ። ካፒቴኑ እንኳ ቀና ብሎ አየ። ከዚያም ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን መስኮቱ ላይ ቆሙ። ማሰሮ አላስቀመጡም። ወደ ግራ፣ በልጃቸው እጅ ወደ ለመለሙት ስድስት መስኮቶች አዩ፤ ወደ ማዶ፣ ድንጋዩ ላይ ወደ ቆመው በርሜል ሠሪ አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

መስኮቱን ግን አልዘጉትም።

"እህ?" አለ ካፒቴኑ። "ትፈርማለህ?"

ቤልሚሮ በግራ እጁ ሂድ ብሎ አሰናበተው። መዳፉን ቀስ ብሎ ወደ ፊቱ አነሳ። ድልድዩ ላይ በዚያ ሁሉ የነጭ ሽንኩርት ዘንግ ቢመታም፣ እጁ ውስጥ ያለው ግን በሶብላ፣ በሶብላ ብቻ ነበር።